የአሮጌ ፒክአፕ የበር ማጠፊያ ሲፈታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ወደሚገኘው ጋራዤ ከመጡት አሮጌ ፒክአፖች ሦስቱ አንድ ዓይነት ጉዳት ይዘው ነበር፤ የማጠፊያ ብሎኖቻቸው ራስ ተልጧል፣ በዙሪያው ያለው ላሜራ በመሮ ተቀጥቅጧል፣ በሩ ከሚታሰርበት ምሰሶ ውስጥ ሆኖ ብሎኑን የሚይዘው ወፍራም ብረትም ከቦታው ተነቅሏል። ሦስቱም ባለቤቶች መኪናቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ግን ማጠፊያ ለማውጣት የመደቡት ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ማጠፊያ ቢሰበር ሌላ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ የተበላሸ የበር ምሰሶን ማቅናት ግን የሳምንታት የባትላሜራ ሥራ ነው፣ ከዚያም በኋላ በሩ እንደ ቀድሞው ገጥሞ ለመዘጋቱ ዋስትና የለም። ከዚህ በታች የማነሣው ሁሉ ምሰሶውን ለማዳን የታሰበ ነው።

በምሳሌነት የምይዘው በእጄ ብዙ ያለፈውን የቶዮታ ላንድክሩዘር 45 ፒክአፕ ነው። የዚህ መኪና ማጠፊያዎች ከውጭ የሚታዩ ሲሆኑ፣ ብሎኖቹ ባለ መስቀል ራስ ሆነው በማጠፊያው ውስጥ ሰምጠው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ በቁልፍ ዙሪያቸውን ይዞ ማዞር አይቻልም፣ ያለው መያዣ መስቀሉ ብቻ ነው።

የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው የእኛ አገር ዝገት ቀላል ነው የሚል አስተያየት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህ ሰውን ያዘናጋል። ከሐይቁ ዳር ዓሣና አሸዋ ሲያመላልስ፣ በዘጌና በቁንዝላ መንገድ ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃ ሲመላለስ የኖረ መኪና፣ ከማጠፊያው ሥር የገባው መረሬ አፈር እርጥበቱን ይዞ ለወራት ይቆያል። ብረት ሲዝግ መጠኑ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚያብጥ፣ በብሎኑ ጥርሶች መካከል የነበረችው ጠባብ ክፍተት በዝገት ተሞልታ ትጣበቃለች። ጨው ዝገትን ያፈጥናል እንጂ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ላገኘ እርጥበት ጨው አያስፈልገውም።

አሁን ከሁሉ አብልጦ ወደሚያናድደኝ ስህተት ልምጣ፤ እርሱም ያገኙትን ካቻቪቴ አንሥቶ ማዞር ነው። ጀማሪው መስቀል ያለበትን ብሎን ያያል፣ መስቀል ያለው ካቻቪቴ ያነሣል፣ ይጫናል፣ ያዞራል፤ ካቻቪቴው ይዘልላል፣ የመስቀሉ ጠርዝ ይበላል፤ ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብሎ እንደገና ይሞክራል፣ በሦስተኛው ሙከራ መስቀሉ ክብ ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ፣ መቦርቦሩም ሆነ መበየዱ፣ የዚያች የአንድ ደቂቃ ችኮላ ዕዳ ነው። በመጀመሪያ፣ በመስቀሉ ውስጥ የአምስት ወይም የስድስት ጊዜ ቀለም ተደራርቦ ደርቋል፤ ያ ቀለም በሹል ብረት ተፍቆ እስከ ታች ካልጸዳ የትኛውም ካቻቪቴ በትክክል አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ የጃፓን መኪና መስቀል ከአሜሪካው ፊሊፕስ ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም፤ የፊሊፕስ ጫፍ ረዘም ስለሚል ጎኖቹ ከመስቀሉ ግድግዳ ጋር ሳይገጥሙ ጫፉ የጉድጓዱን ወለል ይነካል፣ በዚህም የተነሣ ጉልበት ሲጨምሩበት ተንሸራቶ ይወጣል። የጃፓኑ ካቻቪቴ ካልተገኘ የፊሊፕሱን ጫፍ በግራይንደር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ብረቱ እንዳይግል በውኃ እየነከሩ መቀነስ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ይህን ሥራ በእጅ ጉልበት ብቻ መሞከር ራሱ ስህተት ነው። በመዶሻ ሲመታ ወደ ውስጥ እየተጫነ በዚያው ቅጽበት ጥቂት የሚዞረው ካቻቪቴ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ምቱ ዝገቱን ይሰነጥቃል፣ ግፊቱም ጫፉ ከመስቀሉ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ከመምታታችሁ በፊት አቅጣጫው ወደ መፍታት መዞሩን በእጃችሁ አረጋግጡ፤ ሳያዩ ብሎኑን ይበልጥ ሲያጠብቁ የዋሉ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ እናገራለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ግን አንዱ ያንኑ የተበላ ካቻቪቴ ይዞ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ብቻ እምቢ አለች» እያለ ይመጣል። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ትጋታቸውንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ብሎኑ «እምቢ» የሚለው መጀመሪያ ላይ ነው፣ መስማትም ያለባቸው ያን ጊዜ ነው።

ዘይትን በብሎኑ ራስ ላይ ማፍሰስ ሁለተኛው ስህተት ነው። የሰመጠ ራስ በማጠፊያው ላይ እንደ ክዳን ተጣብቆ ስለሚቀመጥ፣ ከውጭ የፈሰሰው ዘይት ዝገቱ ወዳለበት ጥርስ ከመድረስ ይልቅ በቀለሙ ላይ ወርዶ መሬት ያጠጣል። ዘይቱ መግባት ያለበት ከኋላ ነው። የበሩን የውስጥ ክዳንና በምሰሶው በኩል ያለውን ሽፋን አውጥታችሁ፣ በቀዳዳው በኩል በባትሪ መብራት የብሎኑን ጫፍ ፈልጉ፤ በቀጭን ቱቦም ጠዋትና ማታ ቢያንስ ለሦስት ቀን ርጩበት። በየሱቁ የሚሸጠው ደብሊው ዲ 40 እ.ኤ.አ. በ1953 የተቀመመው ውኃን ከብረት ላይ ለማስወገድ ነው፤ ለቀላል ዝገት ይረዳል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ግን እኔ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል አድርጌ እጠቀማለሁ። ሁለቱ ተዋሕደው ስለማይቆዩ በየጊዜው መናጥ ያስፈልጋል፤ አሴቶን ቀለም ይበላል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ በተረጨበት ቀን እሳት አይቀርብም።

እሳትን ካነሣሁ ዘንድ፣ በወጣትነቴ የሠራሁትን ልናገር። ተለማማጅ ሳለሁ የአንድ ላንድክሩዘር የታች ማጠፊያ አልፈታ ሲለኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ የጋዝ ብየዳውን እሳት አቀረብኩበት። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ላንድክሩዘሮች የነዳጁ ታንክ በጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ሥር እንደሚገኝ አውቅ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰብኩትም። አለቃዬ ጭሱን አይቶ ደርሶ እሳቱን ዘጋው። ማንም አልተጎዳም፤ ይሁን እንጂ የምሰሶው ላሜራ በሙቀቱ ተጣምሞ ነበርና ያንን ለማቅናት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የመኪናው ባለቤት የነበሩትን አዛውንት ፊት ያየሁበት ቀንም እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሙቀት ራሱ ጠቃሚ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠባል፣ ይህች ትንሽ እንቅስቃሴም የዝገቱን ቁርኝት ትሰብራለች። ስለዚህ መሞቅ ያለበት ብሎኑ ብቻ ነው፤ ላሜራው መሞቅ የለበትም። በእሳት ፋንታ ትልቅ የኤሌክትሪክ ካውያ (የልብስ ሳይሆን የሽቦ መበየጃው) በብሎኑ ራስ ላይ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ይህም የሚደረገው ታንኩ ከመኪናው ከወጣና አሴቶኑ ከተነነ በኋላ ነው።

ራሱ አስቀድሞ የተላጠ ብሎን ሲገጥም ብዙዎች ቀጭን ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) በትራፓኖ፣ ማለትም በመብሻ ማሽን፣ አስገብተው እስከ ጫፉ ይቦረቡራሉ፤ ፑንታውም ከመሃል ይወጣና የውስጡን ጥርስ ይበላል። መቦርቦር የሚያስፈልገው ራሱን ብቻ ነው። መሃሉን በሹል ብረት ምልክት አድርጋችሁ በ3 ሚሊ ሜትር ጀምሩ፣ ቀጥላችሁ በ8 ሚሊ ሜትር ራሱ እስኪለቅ ድረስ ብቻ ሂዱ፤ ማጠፊያው ሲወጣ የብሎኑ ግንድ ብቅ ብሎ ይቀራል። በዚያ ግንድ ላይ ዳዶ አጥልቆ መበየድ ሁለት ጥቅም አለው፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ይሰብራል፣ ዳዶውም በቁልፍ የሚያዝ አዲስ ራስ ይሆናል። በተቦረቦረ ብሎን ውስጥ በግራ ጥርሱ የሚነክስ ማውጫ ማስገባትን ግን በፍጹም አልመክርም፤ ማውጫው ከብሎኑ የጠነከረ ብረት ነው፣ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

በሩን ሳይደግፉ የአንዱን ማጠፊያ የመጨረሻ ብሎን መፍታት የበሩን ክብደት ሁሉ በአንድ ማጠፊያ ላይ ይጥላል፤ ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት በክሪክ ላይ አድርጋችሁ ከበሩ ሥር አስገቡ።

ብሎን ከመነካቱ በፊት የማጠፊያውን ዙሪያ በሹል ብረት በላሜራው ላይ ማስመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳያሰምሩ የፈቱ ሰዎች ግን በሩን መልሶ ለማስተካከል ቀን ሙሉ ያጠፋሉ። ከማጠፊያው ሥር ቀጫጭን የማስተካከያ ላሜራዎች ከተገኙም የላይና የታች፣ የግራና የቀኝ ተብሎ ተጽፎባቸው በየቦታቸው ይቀመጡ።

ከማጠፊያው ይልቅ ሁለቱን የማጠፊያ ክንፎች የሚያገናኘውን መሃከለኛ ዘንግ ለማውጣት የመረጠ ሰው፣ ከጀርባ ከባድ መዶሻ ሳይደግፍ ቢመታ የማጠፊያው ጆሮዎች ይጣመማሉ።

በመጨረሻው የማነሣው ስህተት የሚሠራው ማጠፊያው በሰላም ወጥቶ፣ ቀለሙም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብሎኖቹን ደረቅ አድርጎ መልሶ ማሰር። ባለፈው ዓመት አንድ የዘጌ ደንበኛዬ የአባታቸውን ፒክአፕ ሲረከቡ፣ ብሎኖቹን ግሪስ ስቀባ አይተው፣ «ልጄ፣ ግሪሱ በሩን አያላላብኝም?» ብለው ጠየቁኝ። «አያላላም፣ አባባ፤ እርስዎም ሆኑ ልጅዎ ሌላ ጊዜ ሲፈቱት ያለ እሳት እንዲወጣ ነው» አልኳቸው። ጥርሱ ላይ ስስ ግሪስ፣ ከማጠፊያው ሥር ውኃ የማያስገባ ማሸጊያ፤ ብሎኖቹም መጀመሪያ በእጅ ብቻ ገብተው፣ በሩ ተዘግቶ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑ ከታየ በኋላ ብቻ ይጠብቃሉ።