ፎርማት ያልፈታው ችግር፦ የኮምፒውተራችሁ ፈርምዌር ተነካክቷል ወይስ ተበላሽቷል?

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም፣ እያዘመነች ሳለ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪውም ደካማ ስለነበር ማሽኑ መሃል ላይ ቀጥ ብሎባት ነበር። እኔ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ሌላ ባለሙያ ከተመሳሳይ ሞዴል የተወሰደ የባዮስ ቅጂ ከቴሌግራም አውርዶ ባዮሱ በሚቀመጥበት ቺፕ ላይ ጽፎበታል። ማሽኑ ነቃ፤ የነቃው ግን የሌላ ሰው ማሽን መለያ ቁጥር ይዞ ነው። የዊንዶውስ ፈቃዱ ጠፋ። የተቆለፈውን ዲስክ የሚከፍተው ምስጢርም ከቺፑ ይዘት ጋር አብሮ ተደመሰሰ። የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር የማገገሚያ ቁልፍ ሲጠይቃት በእጇ አልነበረም። ጽሑፉ እስከ ዛሬ እዚያው ዲስክ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

የቺፑን የቀድሞ ይዘት አንብቦ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ከመጻፍ በፊት ማንበብ፣ ከመፍረድ በፊት ማመሳከር።

ፈርምዌር የምንለው ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚኖር፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ነው። በልማድ ባዮስ ይባላል፤ የአዳዲሶቹ ትክክለኛ ስም ዩኢኤፍአይ ነው። ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ 8፣ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ይይዛል። ዲስክ ፎርማት ማድረግም ሆነ መቀየር አይነካውም። ሰው ባዮሴ ተጠለፈ ብሎ የሚሰጋውም በዚህ የተነሳ ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የሚበዛው ጥፋት ተራ ብልሽት ስለሆነ ከተራው እንጀምር።

«ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል»

ማሽኑ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ድረ ገጾችም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያሉ አልከፈት ካሉ፣ ጥፋተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። በብዙ ማሽኖች ላይ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። በመለኪያ ስትታይ ከ2.7 ቮልት በታች ከወረደች ቀይሯት። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባትሪዋ በሽቦ የተያያዘች ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ክፈቱና እዩ።

ባትሪዋ አዲስ ሆና ባዮስ ውስጥ ያስተካከላችሁት ነገር አልቀመጥ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቺፑ እንዳይጻፍበት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ 17.10 የተባለው ስርዓተ ክወና በተጫነባቸው በርካታ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ ይኸው ሆኗል። ከኢንቴል የመጣ አንድ ድራይቨር ቺፑን ስለቆለፈው የኡቡንቱ አዘጋጆች ማውረጃውን ለጊዜው እስከ መዝጋት ደርሰዋል። መድኃኒቱም የተስተካከለ ከርነል (የስርዓቱን እምብርት) ጭኖ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነበር። ተንኮለኛ አልነበረበትም።

«መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው»

ይህ ባዮስ ከማዘመን ቀጥሎ የመጣ ከሆነ ጽሕፈቱ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ሳይዘመን በድንገት የመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ራሙን አውጥታችሁ፣ አፅድታችሁ መልሱ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

ኤችፒ ላፕቶፕ ላይ ካፕስ ሎክ የሚያሳየውን ብልጭታ ቁጠሩና ከሞዴሉ መመሪያ ጋር አመሳክሩ፤ ባዮስ መበላሸቱን የሚናገር የራሱ ቁጥር አለው። ማገገሚያ ለመሞከር በሌላ ኮምፒውተር ትክክለኛውን የባዮስ ፋይል ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ በኤፍኤቲ32 የተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ጫኑ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«ቢ» ፊደልን አንድ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ ማብሪያውን ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁት፤ ሁለቱን ቁልፎች ግን ስክሪኑ እስኪናገር አትልቀቁ። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ኮንትሮልንና ኢስኬፕን ይዛችሁ ቻርጀሩን መሰካት የማገገሚያውን ገጽ ይጠራል። አንዳንድ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ከጀርባቸው ባዮስ ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ አላቸው፤ ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር ከፍላሽ አንብበው ራሳቸውን ይጽፋሉ።

በማዘመን ላይ ያለ ማሽን ስክሪኑ ጠቁሮ ማራገቢያው ሊጮህ ይችላል። ደርቋል ብላችሁ አታጥፉት፤ ግማሽ ሰዓት ታገሡት። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፕ የሚዘመነው ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ ባይዘመን ይሻላል።

«ቢትሎከር ሳልጠብቀው ቁልፍ ጠየቀኝ»

ቲፒኤም የሚባለው ክፍል ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ፈርምዌሩን ይለካል፤ ልኬቱ ከትናንቱ ከተለየ የዲስኩን ምስጢር አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። ባዮስ ዘምኗል? የማስነሻ ቅደም ተከተል ተቀይሯል? ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ የአምራቹን ፈርምዌር ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ታሪኩን ክፈቱና እዩ። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት መለያችሁ ውስጥ ይገኛል። ለወደፊቱም ከማዘመናችሁ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው አግዱ። ማንም ምንም ሳይነካ ልኬቱ ከተለወጠ፣ በተለይ ማሽኑ ከእጃችሁ ወጥቶ ከቆየ፣ ከታች ወዳለው ምርመራ እለፉ።

«ፎርማት አስደረግሁ፣ ዲስክም ቀየርኩ፣ ያው ነገር ተመልሶ መጣ»

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። በተደጋጋሚ የማገኘው ምክንያት ባዮስ አይደለም። ዊንዶውስ የተጫነበት ፍላሽ ራሱ የተበከለ ይሆናል፤ ወይም ፎርማት በተደረገ ማግሥት ያው የተሰበረ ፕሮግራም ይጫናል፤ ወይም ብራውዘሩ መለያው ሲገባበት የድሮውን መጥፎ ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) መልሶ ያመጣዋል። ንጹሕ ማስጫኛ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ፣ ሌላ ምንም ሳትጭኑና ወደ መለያችሁ ሳትገቡ አንድ ቀን ተመልከቱት።

አሁንም ከተመለሰ፣ ፈርምዌር በሕጋዊ መንገድ ዊንዶውስ ውስጥ ፕሮግራም የሚያስገባበት በር እንዳለ እወቁ። አምራቹ በፈርምዌሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ፕሮግራም ዊንዶውስ ሲነሳ አውጥቶ ያሄደዋል። በሲስተም32 አቃፊ ውስጥ ደብልዩ-ፒ-ቢ-ቢ-አይ-ኤን በሚሉ ፊደላት የተሰየመ ፋይል ካገኛችሁ በሩ ሥራ ላይ ውሏል። ያ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ የፋይሉ ዲጂታል ፊርማ የማን እንደሆነ እዩ።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ደግሞ አብሶሉት የሚባለውን የስርቆት መከላከያ ይወቅ፤ ቀድሞ ኮምፒውትሬስ ይባል ነበር። የኩባንያ ንብረት በነበሩ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ ይገኛል። አንዴ ከተከፈተ ከቀድሞው ባለቤት በቀር የሚያጠፋው የለም። ባዮስ ውስጥ በርቶ ካያችሁት መፍትሔው ቺፑን መፋቅ አይደለም፤ ሻጩ ከባለቤቱ እንዲያስለቅቀው ወይም ገንዘባችሁን እንዲመልስ መጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ይፋ ያደረገው ሎጃክስ ከዚሁ ምርት ቀድሞ ስሪት ተጠርቦ የተሠራ ነበር፤ በእውነተኛ ጥቃት ላይ ሲውል የተደረሰበት የመጀመሪያው የዩኢኤፍአይ ተባይ ነው። ከዚያ በፊት በ2015 የስለላ ፕሮግራም ይሸጥ የነበረው የጣሊያኑ ኩባንያ የሃኪንግ ቲም ሰነዶች ሾልከው ሲወጡ፣ የስለላ ፕሮግራሙን ባዮስ ውስጥ የሚተክል ክፍል ተገኝቶባቸዋል። የዚሁ ኩባንያ መሣሪያ በኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ መሰንዘሩን የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2014 አሳውቆ ነበር፤ የዚያ ጥቃት መግቢያ በስካይፕ የተላከ ፋይል ነው። ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ወይም ሰው የሚከታተለው ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚቀጥለውን ክፍል አትዝለሉት።

ቺፑን አንብቦ ማመሳከር

ከቀላሉ ተነሱ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ክፈቱ፤ የባዮሱን ስሪትና ቀን ከአምራቹ ገጽ ጋር አመሳክሩ፤ ያልተፈረመ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት መብራቱንም እዩ። አምራቹ የማያውቀው ስሪት ከሆነ ጥርጣሬው ክብደት አለው። ባዮስ ውስጥ የሴኪዩር ቡት ቁልፎችን ዝርዝር ክፈቱና የመጀመሪያውን፣ ፕላትፎርም ኪ የሚባለውን ስም አንብቡ። በ2024 ባይናርሊ የተባለው ድርጅት እንዳጋለጠው በመቶ የሚቆጠሩ ሞዴሎች «ዱ ኖት ትረስት»፣ አትመኑት፣ የሚል ስም ባለው የሙከራ ቁልፍ ለገበያ ቀርበዋል። በምስጢር መያዝ የነበረበት፣ የሚፈረምበት የግል ቁልፉም ሾልኮ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ካያችሁ የአምራቹን ማሻሻያ ጫኑ።

ቀጥሎ ኡቡንቱን ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነሱት። በቅንብሮቹ ውስጥ ያለው የመሣሪያ ደኅንነት ገጽ ቺፑ ከጽሕፈት መጠበቁን በቀጥታ ይነግራችኋል። ጠለቅ ማለት የሚፈልግ ኢንቴል በ2014 በነፃ የለቀቀውን ቺፕሴክን ይጠቀም። ከንጹሕ የባዮስ ፋይል የፕሮግራሞቹን አሻራ (ከይዘታቸው ተሰልቶ የሚወጣ ኮድ) ዝርዝር አዘጋጅቶ ከማሽኑ ጋር ያስተያያል፤ በዝርዝሩ የሌለ እንግዳ ካለ ስሙን ያወጣዋል።

ነገር ግን የተጠለፈ ማሽን ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሊዋሽ ይችላል። የማይዋሸው ቺፑን ከውጭ ማንበብ ነው። ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሽ ፕሮግራመርና ባለ ስምንት እግር መቆንጠጫ ይበቃሉ። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ዋናውንም ክቧንም ባትሪ አውጡ። የቺፑን ቁጥር በአጉሊ መነጽር አንብቡና ቮልቱን አረጋግጡ፤ 1.8 ቮልት የሆነውን ያለ አስማሚ ካገናኛችሁት ሊቃጠል ይችላል። ሁለት ጊዜ አንብቡ። የሁለቱ ፋይሎች አሻራ አንድ ካልሆነ መቆንጠጫው አልያዘም፤ እስኪገጥም ድገሙት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። የተነበበው ሙሉ ፋይል ከአምራቹ ፋይል ጋር በጭራሽ አንድ አይሆንም። መለያ ቁጥሩ፣ የኔትወርክ አድራሻው፣ የዊንዶውስ ፈቃዱና የባዮስ ማስተካከያዎቹ እዚያው ቺፕ ላይ ስለሚቀመጡ የሁለት ጤናማ ማሽኖች ቅጂ እንኳ ይለያያል። ስለዚህ «አሻራው ተለየ፣ ተጠልፌአለሁ» አይባልም። ዩኢኤፍአይቱል በሚባለው ፕሮግራም ሁለቱንም ክፈቱና በየክፍላቸው አስተያዩ። ኤንቪራም የሚባለው የማስተካከያ ክፍል ቢለያይ የተጠበቀ ነው። ፕሮግራሞቹ ያሉበት ክፍል ግን ስሪቱ አንድ እስከሆነ ድረስ መለወጥ የለበትም፤ የተጨመረ ወይም መጠኑ የተቀየረ ፕሮግራም ካለ ማስረጃችሁ እሱ ነው። መሃል ላይ ባዶ ሆኖ የቀረ ወይም ተቆርጦ የማይከፈት ክፍል ደግሞ የተቋረጠ ጽሕፈት ምልክት ነው።

ለሁለቱም መፍትሔው ተመሳሳይ ነው። የተበላሹትን የፕሮግራም ክፍሎች ብቻ በአምራቹ ንጹሕ ክፍል ተኩ፤ የማሽኑን የራሱን መለያና ማስተካከያ ከመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ አቆዩ። የሌላ ማሽን ሙሉ ቅጂ አትጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ መልሳችሁ አንብቡና ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ። ማሽኑ ሲነሳ ሴኪዩር ቡትን አብሩ፣ የባዮስ የይለፍ ቃል አስገቡ፣ መለያ ቁጥሩ ከታች ከተለጠፈው ጋር መግጠሙን እዩ። የመጀመሪያውን ቅጂና አሻራውን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ለባለቤቱም አንድ ቅጂ በፍላሽ ስጡት።