ልቡን ለዳይሱ፣ እግሩን ለተጫዋቹ

የምመራው የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ ታሪኩን የሚጫወትበት) ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ። ችግሩ እንዲህ ነበር። አንዱ ገጸ ባህሪ ጓደኛውን ለማሳመን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ውጤቱ ከፍ ይላል። የጓደኛው ተጫዋች ደግሞ «የኔ ሰውዬ ይህን አያደርግም» ትላለች። ጨዋታው ቀጥ።

መጀመሪያ ዳይሱ ይወስን አልኩ። ተጫዋቿ ዝም አለች። ገጸ ባህሪዋን ከእጇ የነጠቅኳት ያህል ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ በጓደኛሞች መካከል ዳይስ መጣል ከለከልኩ። ይሄ ባሰ። በጨዋታው ውስጥ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሰው የሚጫወተው ልጅ ዓይን አፋር ነው። ስለዚህ ክርክሩን ሁሌ የሚያሸንፈው ጠረጴዛው ላይ ምላስ ያለው ሆነ።

የሠራው ሁለቱን ጥያቄ መለየት ነው። ገጸ ባህሪው ምን ተሰማው? እሱን ዳይሱ ይመልስ። ምን አደረገ? እሱን ተጫዋቹ።

ምርጫው ዋጋ እንዲኖረው ከሌላ የሚና ጨዋታ፣ ከፌት ኮር፣ አንድ ሐሳብ ወሰድኩ። እዚያ ባህሪህ ወደ ችግር ሲጎትትህ እሺ ካልክ ነጥብ ታገኛለህ፣ እምቢ ካልክ ትከፍላለህ። እኔም ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ጠጠር ሰጠሁ። እሺ ያለ አንድ ይጨመርለታል፣ እምቢ ያለ አንድ ይመልሳል። ያለቀበትም እምቢ ማለት ይችላል፤ ግን ቀጣዩን ሙከራ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይይዛል።

በዚህ ደንብ በተጫወትንበት በመጀመሪያው ምሽት ያቺው ተጫዋች ትንሽ አሰበች። ጠጠሯን ገፋ አድርጋ «ልቤ አምኖሃል፣ እግሬ ግን አይሄድም» አለች። ጨዋታው ሳይቆም ቀጠለ።