ክፍል የማይገባበት ኮርስ ክፍያው እንዴት ይሰላል?

ኢንዲፔንደንት ስተዲ ላይ ክፍል መግባት የለም። ከአንድ መምህር ጋር ርዕስ ትመርጣላችሁ፣ ታነባላችሁ፣ ጽፋችሁ ታስረክባላችሁ። "ታዲያ ለምን እንደ ሌላው ኮርስ እከፍላለሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ አይፈረድባችሁም። በተለይ ብዙ ቦታ መምህሩ ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ እንደማያገኝ ስትሰሙ ያናድዳል። ግን ሂሳቡ የሚሠራው በክሬዲት፣ ማለትም የኮርሱን የሥራ መጠን በሚለካው ቁጥር ነው። ትራንስክሪፕት ላይ 3 ክሬዲት ከሰፈረ የ3 ክሬዲት ይከፈላል፤ ተማሪው 50 ይሁን አንድ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የክሬዲቱን ቁጥር ከመምህሩ ጋር ቁረጡ። ይህ ኮርስ ብዙ ጊዜ ቋሚ ክሬዲት የለውም፤ 1ም ሊሆን ይችላል 3ም። በአሜሪካ አሠራር 1 ክሬዲት በሴሚስተር ወደ 45 ሰዓት ሥራ ነው። 3 ክሬዲት ማለት 135 ሰዓት፣ በ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 9 ሰዓት። ሥራችሁ የዚህን ግማሽ የማይሞላ ከሆነ የ3 ክሬዲት ገንዘብ ለምን ታወጣላችሁ? በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር (ኢሲቲኤስ) ደግሞ 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ስለሆነ ቁጥሮቹን አታምታቱ። ስትመዘገቡም ሲስተሙ ላይ የገባውን ቁጥር አይታችሁ አረጋግጡ። አንዳንዱ ሲስተም ካልነካችሁት ትንሹን ቁጥር ይዞ ያልፋል።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው በየክሬዲቱ ነው ወይስ በጥቅል የሚያስከፍለው የሚለውን እዩ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በየክሬዲቱ ከሆነ ማባዛት ብቻ ነው። ጥቅል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ዋጋው አንድ ነው እንበል። 15 ይዛችሁ 3 ብትጨምሩ 18 ይሆናል፤ ተጨማሪ አትከፍሉም። 17 ይዛችሁ 3 ብትጨምሩ ግን 20 ገባችሁ። ከጣሪያው ላለፉት 2 ክሬዲቶች ለብቻ ትጠየቃላችሁ። ያው ኮርስ፣ ያው መምህር፣ ሌላ ዋጋ። በሰመር ደግሞ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ በየክሬዲቱ ነው። በሴሚስተሩ ከጣሪያው በታች ቦታ ካላችሁ ወደ ሰመር አትግፉት።

ከዚያ ፎርሙ። የመምህሩ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ አንዳንዴም የዲኑ ፊርማ ያስፈልገዋል። ፊርማ ፍለጋ ስትዞሩ የመመዝገቢያው ቀን ካለፈ የቅጣት ክፍያ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሳይጀመር አስፈርሙ። ስኮላርሺፕ ያላችሁ ደግሞ ይህ ኮርስ ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት የሚቆጠር መሆኑን ጠይቁ።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ገንዘብ ተመላሽ የሚሆንበትን ቀን ሳታሳልፉ ኮርሱን ድሮፕ አድርጉ (ሰርዙ)። ሥራው በጊዜው ካላለቀና መምህሩ ኢንኮምፕሊት (ያልተጠናቀቀ የሚል ውጤት) ከሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ክፍያ የለም፤ ጨርሳችሁ ታስረክባላችሁ። ኤፍ ከሆነና ክሬዲቱን ከፈለጋችሁት ግን እንደገና መመዝገብ፣ እንደገናም መክፈል ነው።