የጨቅላ ሕፃን ፎቶግራፍ፦ ብርሃኑ ከወዴት ይምጣ?

ጨቅላ ሕፃን ፎቶ ማንሳት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ዋጋ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ስለ መስኮት እንዲያስብ እመክራለሁ፤ የቆዳው ልስላሴ፣ የጉንጩ ክብነትና የትንንሾቹ ጣቶች ሽብሽብ በፎቶው ላይ አምረው የሚታዩት ብርሃኑ ከትክክለኛው አቅጣጫ ለዘብ ብሎ ሲመጣ ነውና።

ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት ሰፊ መስኮት ይምረጡ። ቀጥተኛ ፀሐይ ጠርዙ የጠነከረ ጥላ ከመፍጠሩም በላይ ለሕፃኑ ዓይንና ቆዳ አይስማማም፤ ሌላ መስኮት ከሌለ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም አንሶላ ይጋርዱበት። ከዚያ በኋላ የክፍሉን አምፖሎች በሙሉ ያጥፉ። የቀን ብርሃን የቀለም ሙቀት (ብርሃን ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱ በኬልቪን የሚለካበት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ ያደላል) ወደ 5500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የቢጫ አምፖል ግን ወደ 2700 ኬልቪን ስለሚጠጋ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ ጉንጭ ሰማያዊ ሌላው ብርቱካናማ መስሎ ይወጣል፤ ይህንንም ካሜራው በአንድ ማስተካከያ ሊያርመው አይችልም። በሕፃኑ አጠገብ ያለ ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅም ቀለሙን ቆዳው ላይ ስለሚያንጸባርቅ ከአካባቢው ይነሳ።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በአቀማመጥ ነው። የሕፃኑ እግር ወደ መስኮቱ ከዞረ ብርሃኑ ከአገጩ ሥር ወደ ላይ ይገባል፤ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይደምቃሉ፣ ጥላውም ወደ ግንባሩ ይወጣል፤ ያ የተኛ የዋህ ፊት አስፈሪ መልክ ይይዛል። እኔም ሥራውን ስጀምር ብዙ ፎቶዎች ያበላሸሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ጭንቅላቱ ወደ መስኮቱ ይሁን፤ ሰውነቱ ደግሞ ከመስኮቱ ጋር ወደ 45 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን እንዲሠራ አድርገው ያስተኙት። የአፍንጫው ጥላ ወደ አፉ ጥግ አዘንብሎ ከወደቀ አቅጣጫው ተስተካክሏል ማለት ነው። ይህንን አስቀድመው በአሻንጉሊት ቢለማመዱ ሕፃኑን ደጋግመው ከማንቀሳቀስ ይድናሉ።

መስኮቱ ቀረብ ባለ መጠን ብርሃኑ ይበልጥ ይለዝባል፤ ነገር ግን ነፋስ የሚያስገባ ከሆነ ይዘጋ። በጥላው በኩል ነጭ ፎጣ ወይም ወፍራም ነጭ ካርቶን ቢያቆሙ ብርሃኑ ተመልሶ ጨለማውን ያቀለዋል። ጥላውን ጨርሶ ማጥፋት ግን አይገባም፤ ፊቱን ክብ አድርጎ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

በካሜራው ላይ የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ቅጽበት፣ ከሰከንድ 1/160 ባያዘገዩት ይመረጣል፤ የተኛ ሕፃንም ድንገት ይንቀጠቀጣል። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 4 ቢሆን ሽፋሽፍቱም የአፍንጫው ጫፍም ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) እስከ 1600 ማሳደግ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። በስልክ ሲያነሱ ፊቱን ነክተው ትኩረቱን ያስይዙና ቆዳው እንዳይነጣ ድምቀቱን ጥቂት ይቀንሱ። ፍላሽ ለሚጠቀም ሰው መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ማዞር ግድ ነው፤ ፊት ለፊት አይተኩስ። የአራስ ቆዳ መቅላት የተለመደ ስለሆነ በእርማት ጊዜ በመጠኑ ማለዘብ ይቻላል፤ በቀን ብርሃን ቆዳው ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ ከታየ ግን ቀለሙን ከማረም በፊት ወላጆች ለሐኪም እንዲያሳዩ ይንገሩ።

ከሁሉም በላይ የሕፃኑ ደኅንነት ይቅደም። ክፍሉ ሞቅ ይበል፤ የአንድ ሰው እጅ ሁልጊዜ በአጠገቡ ይኑር፤ ከላይ ሆነው ሲያነሱ የካሜራው ማንጠልጠያ አንገትዎ ላይ ይዋል። አገጩን በመዳፎቹ ደግፎ የሚታይበት የታወቀው ፎቶ፣ ጭንቅላቱንና ክንዶቹን ወላጅ ደግፎ ከተነሡ ሁለት ፎቶዎች በኮምፒውተር የሚቀናበር ስለሆነ፣ ሕፃኑን ብቻውን እንደዚያ ለማስቀመጥ ፈጽሞ አይሞክሩ።

ጠግቦ የተኛበት ሰዓት ለሥራው ይመቻል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፉ ጥልቅ ነው። ከነቃ ደግሞ እናቱ ወይም አባቱ መስኮቱ አጠገብ ታቅፈውት ፊታቸውን ወደ እርሱ ያቅርቡ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር ከሌላው የተሻለ ስለሚያይ ዓይኑን እዚያ ላይ ያሳርፋል፤ በዚያች ቅጽበት የመስኮቱ ብርሃን በብሌኑ ላይ ብልጭ ሲል ይጫኑ።