ቡክማርኮቻችሁን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ስክሪፕት እንዴት እንደሚሰራ

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም ዳታ ሲያልቅብኝ ቡክማርክ ያደረግኳቸው ገጾች አይከፈቱልኝም ነበር። ስለዚህ ክሮም ላይ «ማቆያ» የሚል ፎልደር ከፈትኩ። እዚያ የገባውን ሊንክ ሁሉ አውርዶ ላፕቶፔ ላይ የሚያስቀምጥ አጭር ስክሪፕትም በፓይተን ጻፍኩ።

ሊንኮቹን ማውጣት ቀላል ነው። ክሮም ቡክማርኮቹን ፕሮፋይል ፎልደሩ ውስጥ ባለ አንድ የጄሰን ፋይል ይይዛል። አንብቡት እንጂ አትጻፉበት። ፋየርፎክስ የሚጠቀመው የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ነው። ብሮውዘሩ ክፍት ሲሆን ስለሚቆለፍ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት።

የወረደውን ፋይል በገጹ ርዕስ አትሰይሙት። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ከ255 ባይት አያልፍም፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ 3 ባይት ይወስዳል። 85 ፊደል ላይ አለቀ ማለት ነው። የሊንኩን ሻ-256 ሃሽ (ከሊንኩ በስሌት የሚወጣ፣ ርዝመቱ የማይለዋወጥ ኮድ) ስም አድርጉት፤ ርዕሱንና የወረደበትን ቀን ለብቻው በማውጫ ፋይል መዝግቡ።

አሁን ከባዱ ቦታ ላይ ደረስን፦ አሮጌውን ቅጂ በአዲስ መተካት። የመጀመሪያው ስክሪፕቴ ያወረደውን ሁሉ በአሮጌው ላይ ይጽፍ ነበር። የሰርተፊኬት ማረጋገጫውንም (የሚመልሰው ሰርቨር የእውነተኛው ድረ ገጽ መሆኑን የሚያጣራውን) ኤረር እያመጣ ሲያስቸግረኝ አጥፍቼው ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ አንድ ካፌ ገብቼ ዋይፋይ አገናኘሁ፤ የመግቢያ ኮዱን ገና አላስገባሁም። ስክሪፕቱ ሥራውን ጀመረ። ዋይፋዩ ለእያንዳንዱ ሊንክ የራሱን መግቢያ ገጽ፣ ያውም «200፣ ሁሉም ደህና» በሚል ምላሽ ሰጠው። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ሁሉም ገጽ ያው የካፌው መግቢያ ነው። ስለ ፋሲል ግንብ ጥገና ለዓመታት ያሰባሰብኳቸው ጽሑፎችም አብረው ሄዱ። ከፊሎቹ ኢንተርኔት ላይም የሉም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን በፍጹም አታጥፉ። አዲሱን ገጽ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም አውርዱት። ከዚያ ምላሹ 200 መሆኑን፣ የመጨረሻው አድራሻ ወደ ሌላ ድረ ገጽ አለመዞሩን፣ መጠኑም ከአሮጌው ከግማሽ በታች አለመውረዱን ይፈትሽ። ሦስቱንም ካለፈ ብቻ ስሙ ይቀየር። ይህ ለመብራትም ይጠቅማል። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ በዚህ መንገድ ግን የሚበላሸው ጊዜያዊው ፋይል ብቻ ነው። እኔ አሁን አሮጌውንም አልጥልም፤ ቀን ለጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የሚይዘው ቦታ ኢምንት ነው።

ዳታ ለመቆጠብ ሰርቨሩ ባለፈው የሰጣችሁን ኢታግ (የገጹን ቅጂ የሚለይ አጭር መለያ) መልሳችሁ ላኩለት። ገጹ ካልተቀየረ 304 ብሎ ይመልሳል፣ ገጹም ዳግመኛ አይወርድም። ሁሉም ሰርቨር ኢታግ አይሰጥም፤ የሚሰጡት ግን ብዙ ያተርፋሉ።

ቡክማርኩ ሲሰረዝ ቅጂውም ወዲያው እንዳይጠፋ። ወደ ሌላ ፎልደር ይዛወርና 30 ቀን ይቆይ። የቡክማርክ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ስክሪፕቱ ምንም ሳይነካ ይቁም።

ሰዓት ለማስያዝ ብዙዎች ክሮንን (ሊኑክስ ላይ ሥራን በተያዘለት ሰዓት የሚያስጀምር ፕሮግራም) ይመክራሉ። ለእኛ አይሆንም፤ በሰዓቱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከነበረ ያንን ተራ ይዘለዋል። አናክሮን የሚባለው ፕሮግራም ግን ኮምፒውተሩ ሲበራ ያለፈውን ሥራ ይጀምረዋል። እኔ በየ7 ቀኑ አድርጌዋለሁ።