ተቋም ውስጥ ልጅ ተበድሏል ብለው ሲጠረጥሩ፦ ሕግ የሚያስገድደውና ሕሊና የሚያስገድደው

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ልጆች ከቤተሰባቸው ርቀው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ቦታ ብዙ ነው፦ ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የአብነት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ የስፖርት ማሠልጠኛ። እዚያ የሚሠራ ሰው፣ መምህርም ይሁን ጥበቃ፣ ሞግዚትም ይሁን ምግብ አብሳይ፣ አንድ ልጅ እየተበደለ መሆኑን ሲጠረጥር መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ሕግ ያስገድደኛል ወይ?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ «አያስገድድም» ስለሆነ ነገሩ በዚያው ይቀራል። መጠየቅ የነበረበት «መጠቆም እችላለሁ ወይ?» ብሎ ነበር። የዚህ መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። በአገራችን የወንጀል ሥነ ሥርዓት መሠረት ወንጀሉ ሲፈጸም በዐይኑ ያላየ ሰውም ቢሆን ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ የመጠቆም መብት አለው።

የሕጉ ግዴታ የት ድረስ ነው?

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅን ይቀጣል። የሚመለከተው ግን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው። አንደኛው፣ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ዝም ያለ ነው። ሁለተኛው፣ በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማስታወቅ ግዴታ ተጥሎበት ሳለ ያላስታወቀ ነው። ቅጣቱ እስከ 1000 ብር መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር ቀላል እሥራት ነው።

«እያወቀ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። መጠርጠር ማወቅ አይደለም፤ ተቋም ውስጥ ደግሞ ከጥርጣሬ ያለፈ ነገር ይዞ የሚነሣ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የወንጀሉ ክብደት አለ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል፤ ልጁ ተማሪው ወይም በአደራ የተሰጠው ከሆነ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ሲሆን አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፤ ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። እንግዲህ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በመምህሯ መደፈሯን ያወቀ የጥበቃ ሠራተኛ 20 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል በሆዱ ይዞ ቢቀመጥ እንኳ በመጀመሪያው መስፈርት ላይጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ እስከዚህ ድረስ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ሲቀጠሩ የፈረሙትን ወረቀት አውጥተው ያንብቡ። ብዙ የሕፃናት ድርጅቶች «የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ» የሚል ሰነድ ያስፈርማሉ፤ ጥርጣሬን በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ለማን ማሳወቅ እንደሚገባ እዚያ ላይ ተጽፏል። ፈርመው የረሱት ወረቀት ከወንጀል ሕጉ ይልቅ እርስዎን ሊይዝ ይችላል።

ሌላም አንቀጽ አለ፤ አንቀጽ 575። ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው ድርስ በሆነ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ራስን ለአደጋ ሳያጋልጡ መርዳት እየተቻለ ሆን ብሎ መተው ያስቀጣል። ልጁ ዛሬ ማታ እዚያው መኝታ ክፍል፣ እዚያው ሰው ዘንድ ሊያድር ከሆነ ይህን አንቀጽ ያስታውሱ።

ድብደባን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ለይቶ ይናገራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል፣ ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ እስከ 3 ወር ቀላል እሥራት ያገኘዋል ይላል፤ በጤናው ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከፍ ይላል። «እኔም እንደ አባቱ ነኝ» የሚለው የመምህር መከራከሪያ ሕገ መንግሥቱ ተቋማትን በስም ከጠቀሰ በኋላ ብዙም አያስኬድም።

ለአለቃ መንገር መጠቆም አይደለም

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የበለጠ ልጅ የሚያስጎዳው ስሕተት ይህ ነው። በአሜሪካ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ የሚሠራ አንድ ረዳት፣ የቡድኑ የቀድሞ አሠልጣኝ በመታጠቢያ ክፍል አንድን ልጅ ሲበድል አይቶ ለዋናው አሠልጣኝ ነገረ፤ ዋናው አሠልጣኝ ለአለቃው ነገረ፤ ለፖሊስ የደወለ ግን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ያለበት የፔንሲልቬንያ ግዛት ሕግ በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ለኃላፊው ከነገረ ግዴታው አለቀ ይል ነበር። በዳዩ እ.ኤ.አ. በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ 11 ዓመት አለፈ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጓን አሻሽላ ሠራተኛው ራሱ በቀጥታ እንዲጠቁም አደረገች።

እኛም ዘንድ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ ሞግዚቷ ለተቆጣጣሪ፣ ተቆጣጣሪው ለርዕሰ መምህር ወይም ለሥራ አስኪያጅ፣ እሱ ደግሞ «ስማችን እንዳይጠፋ» ብሎ ሰውየውን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ። እዚያም ልጆች አሉ። ስለዚህ ለኃላፊ ይንገሩ፣ ግን በዚያው ቀን ከተቋሙ ውጭም ይንገሩ። የሚጠረጠረው ኃላፊው ራሱ ወይም የሥጋ ዘመዱ ከሆነ የመጀመሪያውን ይዝለሉት።

ልጁ ሊናገር ሲጀምር

ዘወር ወዳለ፣ ግን በሩ ወዳልተዘጋ ቦታ ይውሰዱት። ያዳምጡ። «እሺ፣ ከዚያስ?»፣ «ስለዚያ ንገረኝ» ይበቃል። «አቶ እገሌ ነክቶሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ስሙን እርስዎ ካቀበሉት የተከሳሹ ጠበቃ በችሎት የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚያነሣው በዚያ ላይ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። ይልቁንም «ሊረዱህ ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ፤ ያለፈቃድህ ግን ለጓደኞችህ አላወራም» ይበሉት። ልጁን ከተጠርጣሪው ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት፣ በመምህራን ስብሰባ ፊት ማስደገም፣ ወላጅ ተጠርቶ እንደገና ማስተረክ በፍጹም አይገባም። ታሪኩ በተደገመ ቁጥር ቃሉ ይለዋወጣል፤ የተለዋወጠ ቃል ደግሞ ለተከሳሽ መውጫ ይሆናል።

ልጁ እንደሄደ ቁጭ ብለው ይጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አብሮ የነበረ ሰው፣ ከዚያም የልጁን ቃል እንዳለ፦ «መጋቢት 4 ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20፣ መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ። ልጁ፦ "ማታ ማታ እየመጣ ያስነሣኛል" አለ። ከዚያ ዝም አለ።» «ተደፍሯል» ብለው አይተርጉሙለት። ልጁ የተጠቀመበት ቃል የልጅ ቃል ቢሆንም እንደዚያው ይስፈር። በእስክሪብቶ ይጻፉ፣ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይሰርዙ፣ ይፈርሙ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የልጁን ገላ ግን በስልክ ፎቶ አያንሡ፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው።

ልጁ ምንም ሳይናገር የሚያስጠረጥሩ ነገሮችም አሉ፦ አንድን ልጅ ብቻ እየለየ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ቤቱ የሚወስድ ሠራተኛ፤ ምንጩ የማይታወቅ ስልክ ወይም ገንዘብ የያዘ ልጅ፤ በአንድ ሰው ተረኛነት ሌሊት ብቻ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፤ ጀርባው ላይ የገመድ ወይም የጎማ ምልክት ያለበት። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ከነቀኑ በደብተር ሲደረደር ግን መልክ ይይዛል።

72 ሰዓት

የወሲብ ጥቃት ከተጠረጠረ ከፖሊስም በፊት ሊታሰብ የሚገባው ሰዓቱ ነው። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው፣ በተለምዶ ፔፕ የሚባለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል። ከሰውነት የሚወሰደው ማስረጃም በሦስት ቀን ውስጥ ነው ይበልጥ የሚገኘው።

ልጁ ከመመርመሩ በፊት አይታጠብ። ልብሱ አይታጠብ፣ በፌስታልም አይቋጠር፤ እርጥበቱ ይታፈንና ማስረጃው ይበሰብሳል። በካኪ ፖስታ ወይም በንጹሕ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው ይጠቅለል። ከዚያ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። የፖሊስ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ለምርመራ ውጤቱ እንጂ ለሕክምናው አይደለምና ደብዳቤ እስኪመጣ ተብሎ መድኃኒት ሊዘገይ አይገባም። ሐኪሙ «ምልክት አላገኘሁም» ቢል አይደናገጡ። በአብዛኞቹ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ላይ በምርመራ የሚታይ ጉዳት አይገኝም፤ የምልክት አለመኖር ልጁን ውሸታም አያደርገውም።

ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ የሚመጣ ልጅ ከሆነ ሰዓቱን የሚበላው ጀልባው ነው። ልጁ የተናገረው ማታ ከሆነ ጀልባ የሚነሣበትን ሰዓት በዚያው ማታ ያጣሩ። መደበኛው ጀልባ በማግስቱ ከሌለ ለቀበሌው ነግረው ሌላ ጀልባ ያስፈልጉ። ሁለት ቀን ጠብቆ መሄድ ማለት ከ72ቱ ሰዓት 48ቱን ጣና ዳር መጨረስ ነው።

ለማን፣ እንዴት?

መጀመሪያ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ እንዲቀበልዎ ይጠይቁ። ጥቆማዎን በቃል ቢሰጡም በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ይነበብልዎታል፣ ይፈርሙበታል። ሳይነበብልዎ አይፈርሙ። መዝገቡ የተያዘበትን ቀንና የተቀበለዎትን ሰው ማዕረግ ይጻፉ። በዚያው ቀን ለክፍለ ከተማው፣ ከከተማ ውጭ ከሆነ ለወረዳው፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ ያስገቡ። ፖሊስ ወንጀሉን ይመረምራል፤ ልጁ ዛሬ የት ይደር የሚለውን የሚጠይቀው ግን ይህ ጽሕፈት ቤት ነው። ቅጂው ላይ «ገቢ» ማኅተም ያስመቱ።

ደብዳቤው ላይ የሚኖረው፦ የልጁ ዕድሜና ያለበት ቦታ፣ ያዩትና የሰሙት ተለያይተው፣ አሁን ያለበት አደጋ፣ የሚጠይቁት ነገር። ስድብና ግምት አያስገቡ። «እርጉም ሰው ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ጥሩውን ሁሉ ያበላሻል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወላጆቹ ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ናቸው፣ የሚያድረው ከትልልቅ ተማሪዎች ጋር በጎጆ ነው፣ የዕለት ጉርሱንም የሚያገኘው ለምኖ ነው። «ወደ አገርህ ሂድ» ብሎ ማሳፈር እንደ መፍትሔ ይታያል፤ ልጁን ካለ ሕክምናና ካለ መዝገብ ማጥፋት ነው። ማረፊያው ይለወጥ እንጂ ከፖሊስና ከጽሕፈት ቤቱ ዕይታ አይውጣ። የኔታንና ሀገረ ስብከቱን ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከፖሊስ በኋላ ነው።

ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣል። ካሣ ይቀርባል፣ አንዳንዴም «ያግባት» ይባላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪ ተበዳይቱን ካገባ ከቅጣት የሚያስመልጥ ድንጋጌ ነበረው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ግን አስቀርቶታል። በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ ቤተሰቡ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን መቀጠል ይችላል። ለሽማግሌዎቹ በትሕትና «አባቶቼ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል፣ ፖሊስ ዘንድ ነው» ይበሏቸው። አቤት የሚሉበት አድራሻ ሲለወጥ በእርስዎ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል።

ስለ ራስዎ መፍራትዎ ተገቢ ነው። በሐሰት መወንጀል የሚያስቀጣው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሌላውን የወነጀለ ሰውን ነው፤ በቅንነት ጠርጥሮ የተሳሳተውን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 መሠረት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ለጠቋሚና ለምስክር ጥበቃ ይሰጣል፤ ማንነትን ምስጢር ማድረግም ይጨምራል። ጥበቃው በራሱ አይመጣም፣ መጠየቅ አለበት፤ ስለዚህ ጥቆማውን ሲሰጡ ወዲያውኑ ይጠይቁ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ጣቢያውን ይጠይቁ። መዝገቡ ካልተንቀሳቀሰ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ተጠርጣሪው በሥራው ላይ ከቀጠለ ይህንኑ ከነቀኑ በሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈው ያስገቡ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ከኋላ ያያይዙ።