ተራ የሚያስይዘው ማን ነው? በትሬድ ስኬጁሊንግ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈተና ሲቃረብ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ያሉ ቡና ቤቶች በኖትና በላፕቶፕ ይሞላሉ። ጥያቄ ይዘው የሚመጡት ልጆች በብዛት የሚደናገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የዩዘር ትሬድና የከርነል ትሬድ። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር ነው፤ የዩዘሩን ፕሮግራሙ ራሱ ይፈጥረዋል፣ የከርነሉን ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ያውቀዋል።

የስህተቶቹ ሁሉ እናት፣ ከርነሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ትሬድ በሙሉ ያያል ብሎ ማሰብ ነው። አያይም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄዱ ታክሲዎችን የሚያሰልፍ ተራ አስከባሪ አስቡ። እሱ የሚያውቀው መኪናውን ነው። ማን የት ይቀመጥ የሚለው የረዳቱ ጣጣ ነው። ከርነሉም ሲፒዩ የሚያድለው ለሚያውቀው ትሬድ ብቻ ነው፤ የዩዘር ትሬዶችን ተራ የሚያስይዘው ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ላይብረሪ ወይም ራንታይም (ፕሮግራሙ ሲሄድ አብሮት የሚሠራ ደጋፊ ኮድ) ነው። ስለዚህ መቶ የዩዘር ትሬድ በአንድ የከርነል ትሬድ ላይ ቢጫን፣ የሚደርሳቸው የአንድ ትሬድ ድርሻ ነው።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አስር ሺህ ጎሩቲን (የጎ የዩዘር ትሬድ) ፈጥሮ የሚያስተኛ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ሊነክስ ላይ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ቶፕን ከፍታችሁ ትልቁን ኤች (H) ተጫኑ። አሁን እያንዳንዱ የከርነል ትሬድ የራሱን መስመር ይይዛል። የፕሮግራማችሁን ስም ስትፈልጉ የምታገኙት ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነው። አስር ሺው የት ገባ? ከርነሉ ከነመኖራቸውም አያውቅም።

"የዩዘር ትሬድ ምንጊዜም ፈጣን ነው" ብሎ ጽፎ የሚያልፍም ብዙ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ከርነል ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሬጅስተሮችን (የሲፒዩውን ትናንሽ ማስቀመጫዎች) አስቀምጦ የሌላውን ማንሳት ይበቃል። ጉዱ የሚፈላው አንዱ ትሬድ ፋይል ላንብብ ብሎ ሲስተም ኮል (ለከርነሉ የሚቀርብ ጥያቄ) ሲጠራ ነው። ከርነሉ ያንን ብቸኛ የከርነል ትሬድ ያስተኛዋል፤ ሥራ ያላቸው ዘጠና ዘጠኙም አብረው ይተኛሉ። ጎ ለዚህ መላ አለው፦ አንዱ የከርነል ትሬድ ጥሪ ላይ ሲቆም የቀሩትን ጎሩቲኖች ለሌላ የከርነል ትሬድ ያስረክባል። ፔጅ ፎልት ሲመጣ፣ ማለትም የሚፈለገው የሚሞሪ ገጽ ራም ላይ ሲታጣ ግን ራንታይሙን የሚያማክር የለም። ገጹ ከዲስክ እስኪመጣ ያ የከርነል ትሬድ ቆሞ ይጠብቃል።

ትሬዱ ስለበዛ የሚሠራው ኮርም (ሲፒዩው ውስጥ ያለው የማስሊያ ክፍል) ይበዛል ማለትም አይሠራም። ሁሉም በአንድ የከርነል ትሬድ ላይ ከተጫኑ ስምንት ኮር ቢኖራችሁም በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ነው።

ከዚህ ተነስተው "እንግዲያው የፓይተን ትሬድ የዩዘር ትሬድ ነው" የሚሉ አሉ፤ አራት ትሬድ ከፍተው ስሌቱ ስላልፈጠነ። አይደለም። እውነተኛ የከርነል ትሬድ ነው፤ ቶፕ ላይ አራቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ማነቆው ጊል የሚባለው ቁልፍ ነው። በተለመደው ፓይተን ቁልፉን የያዘው አንዱ ብቻ ኮዱን ያስኬዳል። ኔትወርክ ሲጠብቅ ቁልፉን ይለቃል፤ ስለዚህ ለማውረድ ሥራ ትሬድ ይጠቅማል፣ ለስሌት ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም።

ራንታይሙ እንደ ከርነሉ ሁሉንም በግድ ያስቆማል ብላችሁም አትተማመኑ። ከርነሉ በየጊዜው ሥራውን አቋርጦ ሲፒዩውን የሚያስረክበው የሰዓት ኢንተራፕት አለው። ጎ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሪት 1.14 እስኪወጣ ድረስ ምንም ፈንክሽን የማይጠራ ሉፕ ሲገጥመው ማስቆም አይችልም ነበር።

በመጨረሻ ኖታችሁን ፈትሹ። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር የሚወርደው ፎቶኮፒ ሶላሪስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አሁንም የብዙ ለብዙ (ብዙ የዩዘር ትሬዶች የተወሰኑ የከርነል ትሬዶችን የሚጋሩበት አሠራር) ምሳሌ ያደርገዋል። ሶላሪስ 9 ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አንድ ለአንድ ዞሯል፤ እያንዳንዱ የዩዘር ትሬድ የራሱ የከርነል ትሬድ አለው ማለት ነው። ሊነክስና ዊንዶውስም የሚሠሩት እንደዚያው ነው። ብዙ ለብዙ ሞቷል ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ በጎ ቋንቋ ውስጥ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጃቫ 21 ጋር በወጣው ቨርቿል ትሬድም ተመልሷል። ብቻ ጃቫ 21 ላይ ሲንክሮናይዝድ ብሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚገባበት ኮድ) ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ቨርቿል ትሬድ እሱን የተሸከመውን የከርነል ትሬድ አይለቅም። ይህ የተስተካከለው በጃቫ 24 ነው፤ ከመሞከራችሁ በፊት ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ እዩ።